ጋዜጠኛ ሲታሰር፦ በደሴና በኮምቦልቻ ላሉ ቤተሰቦችና ባልደረቦች የሥራ መመሪያ

ሰብአዊ መብት ላይ የሚሠራ የግል ጋዜጠኛ ሲያዝ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገው ስልክ መደወል ነው፤ ለዘመድ፣ ለሚያውቁት ፖሊስ፣ አዲስ አበባ «ሰው ያውቃል» ለሚባል ጎረቤት። ወረቀት ይዞ የሚጽፍ ግን አይገኝም። ከሳምንት በኋላ ችሎት ላይ ቤተሰብ «ማክሰኞ ነው የተያዘው» ሲል መርማሪው «ሐሙስ ነው» ይላል። ሁለት ቀን ጠፋ፣ «በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት አልቀረበም» የሚለው ክርክርም አብሮ ጠፋ። ይህ መመሪያ ከሞላ ጎደል ስለዚያ ወረቀት ነው።

የተዘጋጀውም ውጭ ለሚቀሩት ነው፤ ለባለቤት፣ ለእኅት፣ ለወንድም፣ ለሥራ ባልደረባ። የጠበቃን ቦታ አይተካም፤ ጠበቃ እስኪገኝ ያለው ጊዜ እንዳይባክን ግን ይረዳል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። ሕግ ስለሚሻሻል አንቀጽ ከመጥቀሳችሁ በፊት ከጠበቃ ጋር አመሳክሩ።

ከመያዝ በፊት

ማስፈራሪያ የደረሰው ወይም ባልደረባው የተያዘበት ጋዜጠኛ አንድ ፋይል አዘጋጅቶ ከራሱ ቤት ውጭ ያስቀምጥ። ቤት ሲፈተሽ ወረቀት ሁሉ በአንድ ላይ ተጭኖ ስለሚሄድ መሳቢያ ውስጥ ያለ ፋይል እንደሌለ ይቆጠራል። ውስጡ የመታወቂያና የጋዜጠኝነት መታወቂያ ኮፒ፣ የቅጥር ውል ወይም ከዝግጅት ክፍሉ የተጻፈ ደብዳቤ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ስምና መጠን፣ የሁለት ጠበቆች ስልክ (አንዱ ደሴ፣ አንዱ አዲስ አበባ) ይግባ። ሚዲያው በመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ከተመዘገበ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ኮፒ አይቅር። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው፤ ዩቲዩብ ላይ ለሚሠራ ሰው ግን ችሎት ላይ ትልቁ መከራከሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

የባንክ ሒሳብ፣ የቤት ኪራይ ውልና የመኪና ጉዳይ የሚያንቀሳቅስ ውክልና ለባለቤት ወይም ለወንድም አስቀድሞ ይሰጥ። ከታሰረ በኋላም ውክልና መስጠት ይቻላል፤ ግን የማረሚያ ቤት ደብዳቤ፣ የውልና ማስረጃ ሠራተኛ ቀጠሮ፣ የመታወቂያ ጣጣ እያለ ሳምንታት ይበላል። መታወቂያው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኤግዚቢት (የማስረጃ ዕቃ) ተብሎ ተይዟል።

ስልክን በተመለከተ፦ በጣት አሻራና በፊት መክፈትን አጥፍቶ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የይለፍ ቃል ማድረግ ይሻላል፤ የሰው ጣት ይዞ ስክሪን ላይ መጫን ሰከንድ አይፈጅም። ተራው የቴሌግራም ንግግር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው) አይደለም፤ ሚስጥራዊ ቻት የሚባለው ብቻ ነው። ከምንጭ ጋር የሚደረግ ንግግር ሲግናል በሚባለው መተግበሪያ ላይ ቢሆንና በራሱ የሚጠፋበት ጊዜ ቢሞላለት ይመረጣል። በየአካውንቱ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይብራ፤ አለበለዚያ ሲም ካርዱ እጁ የገባ ሰው በአጭር መልእክት የሚመጣውን ኮድ ብቻ ይዞ ይገባል። የምንጮች ትክክለኛ ስም በማስታወሻ ደብተርም በስልክም አይመዝገብ።

ይህ ሁሉ ከመያዝ በፊት የሚሠራ ነው። ከተያዘ በኋላ ባልደረባ ተደናግጦ ከውጭ ሆኖ ቻት ቢሰርዝ፣ አካውንት ቢዘጋ፣ «ማስረጃ እያጠፉ ነው» ተብሎ ዋስትና መከልከያ ይሆናል፤ የሰረዘውም ሰው ራሱ ተጠርጣሪ ይሆናል። እጃችሁን ሰብስቡ።

ቤት ሲፈተሽ

ማዘዣውን ጠይቁ፤ አድራሻውን፣ የሚፈለገውን ዕቃና የፍርድ ቤቱን ማኅተም አንብቡ። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 33 መሠረት ፍርድ ቤቱ በተለይ ካልፈቀደ በስተቀር ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ፍተሻ አይደረግም። ያለ ማዘዣ ሊፈተሹ የሚችሉ ሁኔታዎች በአንቀጽ 32 አሉ። እዚያው በር ላይ ቆሞ መጨቃጨቅ አያዋጣም፤ ተቃውሟችሁን ተናግራችሁ ሰዓቱን መዝግቡ።

ዋናው ነገር የተወሰደው ዕቃ ዝርዝር ነው። «አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ስልክ» የሚል ዝርዝር ምንም አይጠቅምም። ሞዴሉ፣ ከኋላው ያለው ተከታታይ ቁጥር፣ ለስልክ ደግሞ *#06# ሲደወል የሚመጣው 15 አሃዝ ይጻፍ። ፍላሽና ሜሞሪ ካርድ በቁጥር ይቆጠር። ይህ ካልሆነ «ከቤቱ ተገኘ» የሚባል ሌላ ፍላሽ ሲመጣ መከራከሪያ የላችሁም። ፖሊስ ታዛቢ ብሎ የሚጠራቸውን ጎረቤቶች ማንነት ያዙ። ስትፈርሙም አንብባችሁ ሁኑ፤ ያልተስማማችሁበት ካለ ከፊርማው አጠገብ «ተቃውሞ አለኝ» ብላችሁ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፉ።

የት እንዳለ ማግኘት

ሰው የሚያዝበት እጅ ሦስት ዓይነት ነው፤ የከተማው ወይም የክልሉ ፖሊስ፣ የፌዴራል ፖሊስ፣ ወይም በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የተቋቋመ ኮማንድ ፖስት። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ አቤቱታ ብትጽፉ ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። ስለዚህ የያዙት ሰዎች የደንብ ልብስ፣ የመኪናው ዓይነትና ሰሌዳ፣ «ለምን» ሲባሉ የሰጡት መልስ ወዲያው ይጻፍ።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሐረጎን ሲወርዱና ሲወጡ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ሁለት ሰው መድቡ፤ አንዱ ደሴ ያሉትን ጣቢያዎችና የዞኑን ፖሊስ መምሪያ፣ ሌላው ኮምቦልቻን ያስስ። በየጣቢያው የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስሙ በተጠርጣሪ መዝገብ ላይ አለ ወይ?» የተረኛውን ስምና ማዕረግ፣ መልሱን፣ ሰዓቱን ጻፉ። ስንቅ ይዛችሁ ሂዱ። «የለም» ያለ ጠባቂ ሳህኑን ተቀብሎ ባዶውን ከመለሰ ሰውየው እዚያ ነው። ሳህኑ ሳይነካ ከተመለሰ ወይ የለም፣ ወይ እንዳይገባለት ተከልክሏል፤ ሁለቱም መመዝገብ ያለባቸው ናቸው።

ከጣቢያ ውጭ መያዝም አለ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከመስከረም 18 ቀን 2017 ጀምሮ በአማራ ክልል የተካሄደውን የጅምላ እስር በመዘገበበት ወቅት ሰዎች ይያዙባቸው ከነበሩት ዋና ዋና ካምፖች አንዱ ኮምቦልቻ እንደነበር ገልጿል። በ2015 መጨረሻ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የተያዙ ጋዜጠኞች ደግሞ አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ተወስደዋል። ካምፕ በር ላይ ብዙ ሰው ሆኖ መሄድ አይጠቅምም፤ አንድ ትልቅ ሰው፣ አባት ወይም እናት፣ ቢሄዱ መልስ የማግኘት ዕድሉ የተሻለ ነው።

በሁለተኛው ቀን የትም ካልተገኘ ለዞኑ ፖሊስ መምሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ ሙሉ ስም ከነአያት፣ የተያዘበት ቦታ፣ ቀንና ሰዓት፣ የተጠየቁት ጣቢያዎች ዝርዝር፣ «የት እንዳለ በጽሑፍ ይገለጽልን» የሚል ጥያቄ። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱና አንዱን መዝገብ ቤቱ በገቢ ቁጥርና በማኅተም ይመልስላችሁ። አንቀበልም ካሉ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በሪኮማንዴ (በተመዘገበ ፖስታ) ላኩትና ደረሰኙን ያዙ። ደረሰኙ ብቻውን የሚናገረው ነገር አለ፤ በዚህ ቀን መንግሥት እንዲያውቅ ተደርጓል።

በዚህ መሃል «በዚህን ያህል ብር አስፈታዋለሁ» የሚል ደላላ መምጣቱ አይቀርም። አትክፈሉ። ጉቦ ሰጪውም በሕግ ይጠየቃል፤ ደግሞም ደላላው እስረኛው በማግስቱ ሊዛወር መሆኑን አውቆ ነው የመጣው።

48 ሰዓት

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ዝም የማለት መብት እንዳለው፣ ለጉዞ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። አንቀጽ 21 ደግሞ ባለቤቱ፣ የቅርብ ዘመዶቹ፣ ጓደኞቹ፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 61 ጠበቃ ወዲያውኑ የመጥራት መብት አለው፤ መጻፊያም ሲጠይቅ ይሰጠዋል። «ምርመራው ሳያልቅ ጠበቃ አይገባም» የሚል አንቀጽ የለም።

ቅዳሜና እሑድ ወይም በዓል ሰበብ አይሆንም፤ ተረኛ ችሎት አለ። ዓርብ ከሰዓት የሚደረግ እስር የተለመደ ስለሆነ ተረኛው ዳኛ የት እንደሚያስችል ዓርብ ከ11 ሰዓት በፊት ከሬጅስትራር ጠይቁ።

የተያዘው ሰው በቃሉ ሊይዘው የሚገባው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያላነበበውን ቃል አይፈርም፤ የተጻፈው እሱ ያለው ካልሆነ እንዲታረም ይጠይቅ፣ ካልታረመ አልፈርምም ይበል። ሁለተኛ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 35 መሠረት ዳኛ ፊት ቀርቦ ቃሉን እንዲሰጥ ሊወሰድ ይችላል። ይህ ከጣቢያው ቃል በጣም የከበደ ነው፤ በኋላ «ተገድጄ ነው» ማለት አስቸጋሪ ይሆናል። በፈቃዱ ካልሆነ መናገር አይገደድም፤ ተመትቶ ወይም ዛቻ ደርሶበት ከሆነ ያን ለዚያው ዳኛ እዚያው ይናገር።

የመጀመሪያው ችሎት ላይ ቤተሰብ ሦስት ነገር መዝገብ ላይ እንዲሰፍር በጠበቃው በኩል ያስጠይቅ፦ ትክክለኛው የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ የቤተሰብና የጠበቃ ጉብኝት እንዲፈቀድ ትእዛዝ፣ ጉዳት ካለ ሕክምና እንዲያገኝና የሐኪም ማስረጃ እንዲቀርብ ትእዛዝ። የዳኛው ትእዛዝ ወጥቶ በእጃችሁ ካልገባ ጣቢያው «አልደረሰንም» ይላል። ግልባጩን በዚያው ቀን ከመዝገብ ቤት አውጡና ራሳችሁ አድርሱ።

ጊዜ ቀጠሮ

ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ሲል በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት ተጨማሪ ቀን ይጠይቃል። በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም፤ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን ሕጉ አይገድብም። የጋዜጠኞች ጉዳይ የሚጎተተው በዚህ ቀዳዳ ነው። የሚቀርቡት ምክንያቶችም ተመሳሳይ ናቸው፤ ግብረ አበር መያዝ፣ የምስክር ቃል መቀበል፣ ከባንክና ከቴሌ መረጃ ማምጣት፣ የስልክና የላፕቶፕ ቴክኒክ ምርመራ።

መልሱም ቢሆን አስቀድሞ ሊዘጋጅ ይችላል። ባንክና ቴሌ ያለ ሰነድ በተቋሙ እጅ ስለሆነ ተጠርጣሪው ውጭ ሆኖ ሊያጠፋው አይችልም፤ ስልኩም በፖሊስ እጅ ነው። የታተመ ጽሑፍ ወይም የተላለፈ ቪዲዮ ደግሞ ሁሉም ሰው ያየው ነው፤ ምን ይሰወራል? በሁለተኛው ቀጠሮ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ «ባለፈው ቀጠሮ ከተጠየቁት ሥራዎች የትኞቹ ተሠሩ?» ዳኛው የምርመራ መዝገቡን አስቀርበው እንዲያዩት አመልክቱ። የቀደመውን ቀጠሮ ምክንያቶች ቃል በቃል ጽፋችሁ ካልያዛችሁ ይህን ማድረግ አትችሉም፤ ስለዚህ በየችሎቱ አንድ ሰው ደብተር ይዞ ይቀመጥ። በችሎት ውስጥ በስልክ መቅዳት ግን አይሞከር፤ ሌላ እስር ያመጣል።

ለጋዜጠኛ የተለየ ድንጋጌም አለ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 አንቀጽ 86(1) በመገናኛ ብዙኃን በኩል ወንጀል ፈጽሟል የተባለ ሰው ለተጨማሪ ምርመራ በእስር ሳይቆይ ክሱ በቀጥታ ለፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይላል። አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ የተሻሻለውንም አትማችሁ ያዙ። ፖሊስ ይህን ሲሰማ ከሁለት አንዱን ይመልሳል፤ «የታሰረው በጋዜጠኝነቱ አይደለም» ወይም «ዩቲዩቡ የተመዘገበ ሚዲያ አይደለም»። ለመጀመሪያው፣ ተጠረጠረበት የተባለው ድርጊት ምን እንደሆነ በዝርዝር እንዲነገር ጠይቁ፤ ድርጊቱ ቃለ ምልልስ ወይም ዘገባ ሆኖ ከተገኘ መልሱ በራሱ ወጥቷል። ለሁለተኛው የምዝገባ ወረቀቱን አቅርቡ።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌለ የወሎ ዩኒቨርሲቲን ሕግ ትምህርት ቤት ስለ ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። ክስ ከተመሠረተ በኋላ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ በመንግሥት ወጪ ተከላካይ ጠበቃ ይመደባል።

ክሱ ምን ሊሆን ይችላል

ስም ማጥፋት በመገናኛ ብዙኃን ከሆነ በ1238/2013 ከወንጀልነት ወጥቷል፤ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃን እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ይቀጣል፤ የተሰራጨው በብሮድካስት፣ በሕትመት ወይም ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ እስራቱ እስከ 3 ዓመት፣ መቀጮው እስከ 100,000 ብር ያድጋል። ስለዚህ ጽሑፉ በወጣበት ወቅት የተከታይ ቁጥሩ ስንት እንደነበር የሚያሳይ ምስል ካለ አስቀምጡ። ከባድ የሚሆነው በሽብር አዋጅ ቁጥር 1176/2012 ወይም በወንጀል ሕጉ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓትን በሚነኩ አንቀጾች ከሆነ ነው። ጉዳዩ የፌዴራል ይሆንና ሰውየው ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ይችላል፤ ችሎቱ ልደታ፣ ቤተሰቡ ደሴ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በየሁለት ሳምንቱ መመላለስ ቤት ያፈርሳል። አዲስ አበባ ካለ ዘመድ ጋር ስንቁን በተራ መካፈል የሚጀመረው ዝውውሩ ሲወራ እንጂ ከተፈጸመ በኋላ አይደለም።

ዋስትና

በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 መሠረት ክሱ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ ዋስትና ይጠየቃል። አንቀጽ 67 የሚከለከልባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ ግዴታውን አያከብርም፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል የሚሉ ናቸው። የእናንተ ዝግጅት እነዚህን ማፍረስ ነው፤ ቋሚ አድራሻ የሚያሳይ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የቤተሰብ ኃላፊነት፣ ከአሁን ቀደም ተጠርቶ የቀረበባቸው ቀናት።

ገንዘቡ ከመወሰኑ በፊት ይሰብሰብ። ዳኛ ዓርብ ከሰዓት 30,000 ብር ቢሉ ባንክ እስኪዘጋ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ሰኞ ድረስ ብዙ ነገር ይለወጣል። ደረሰኙ በማን ስም እንደሚቆረጥ ልብ በሉ፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ገንዘቡ የሚመለሰው በዚያ ስም ነው። ከዚያ የመፍቻ ትእዛዙን ይዛችሁ ወደ ጣቢያ።

ብዙ ቤተሰብ የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው። ትእዛዙ ደርሶ ሰውየው አይለቀቅም፤ ይግባኝ ተጠይቋል፣ ወይም ሌላ ጣቢያ ይፈልገዋል፣ ወይም በር ላይ ወጥቶ እንደገና ይያዛል። ትእዛዙን ያስረከባችሁበትን ሰዓትና የተቀባዩን ስም ጻፉ፤ በማግስቱ ትእዛዝ ለሰጠው ችሎት «አልተፈጸመም» ብላችሁ አመልክቱ፤ ኃላፊው ቀርቦ እንዲያስረዳ ይታዘዛል። ዋስትና ከተከለከለ ይግባኙ በአንቀጽ 75 መሠረት በ20 ቀን ውስጥ ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ከትእዛዙ ስለሆነ ግልባጭ ዘገየ ብላችሁ አትተኙ።

አካል ነፃ ማውጣት

48 ሰዓት አልፎ ፍርድ ቤት ካልቀረበ፣ ወይም ከተለቀቀ በኋላ ያለ ትእዛዝ ከተያዘ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(4) የሰጠው መንገድ ይህ፣ ሰውየው እንዲለቀቅ ፍርድ ቤትን የመጠየቅ መብት፣ ነው። ሥርዓቱ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 እስከ 179 ይገኛል። የሚቀርበው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ያዡ የክልል ፖሊስ ከሆነ ደሴ ላለው የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ያዡ የፌዴራል አካል ከሆነ ለፌዴራል ፍርድ ቤት። ቃለ መሐላ የግድ ያስፈልገዋል፤ የታሰረው ራሱ ማድረግ ካልቻለ ሌላ ሰው ያደርግለታል፣ ግን ለምን ራሱ እንዳልቻለ መጻፍ አለበት። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ከጎደለ አቤቱታው ሊመለስ ይችላል። አካሄዱ ይህን ይመስላል፦

«ለደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ደሴ።
አመልካች፦ (የታሰረው ሙሉ ስም)፣ ወኪል ሆኖ የቀረበው፦ (ስም፣ ዝምድና፣ አድራሻ)።
ተጠሪ፦ የ(ጣቢያው ስም) ፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ።
በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 መሠረት የቀረበ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ።
አመልካች በ(ቀን) ከ(ሰዓት) ላይ ከ(ቦታ) በተጠሪ አባላት ተይዞ በ(ቦታ) ይገኛል። እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት አልቀረበም፣ የተያዘበት ምክንያትም አልተገለጸለትም። ሲያዝ ያዩ ምስክሮች (ስምና አድራሻ) ናቸው። አመልካች ራሱ ቃለ መሐላ ማቅረብ ያልቻለው ተጠሪ መገናኘት ስለከለከለ ነው። ስለዚህ ተጠሪ አመልካችን ይዞ እንዲቀርብ፣ የያዘበትን ሕጋዊ ምክንያት እንዲያስረዳ፣ ካልቻለም አመልካች ወዲያውኑ እንዲለቀቅ እንዲታዘዝልን እናመለክታለን።»

በሦስት ኮፒ ይሁን፤ ለፍርድ ቤቱ፣ ለተጠሪ፣ ማኅተም ተደርጎበት ለእናንተ። ተጠሪን መምረጥ ላይ ተጠንቀቁ። «ፖሊስ» ወይም «መንግሥት» ብሎ መክሰስ መጥሪያው ማን ዘንድ እንደሚደርስ ስለማይታወቅ ቀጠሮ ያስበላል። እንዲህ ዓይነት አቤቱታ ሲቀርብ ፖሊስ ሰውየውን በማግስቱ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቅበታል፤ አቤቱታውም «ፍርድ ቤት ቀርቧል» ተብሎ ይዘጋል። ይህ ሽንፈት ተደርጎ ይወሰዳል፤ እኛ ግን እንደዚያ አናየውም። የት እንዳለ ያልታወቀ ሰው መዝገብ ላይ ወጥቷል።

አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲኖር

በጥቅምት 2014 እና በሐምሌ 2015 የታወጁት አዋጆች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝን ፈቅደዋል፤ በእነሱ ጊዜ የ48 ሰዓት ክርክር ብዙም አላራመደም። ያኔም ቢሆን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 (ከኢሰብአዊ አያያዝ መጠበቅ) እና 25 (እኩልነት) በአንቀጽ 93 መሠረት ሊታገዱ አይችሉም፤ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድም በአንድ ወር ውስጥ የታሳሪዎችን ስምና ምክንያት ይፋ እንዲያደርግ ግዴታ አለበት። ለቦርዱ ጻፉ፤ ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሩም ማስረጃ ነው። አዋጁ ሲነሣ በሩ ወዲያው ይከፈታል ብላችሁ አትቀመጡ። የአሶሽየትድ ፕሬሱ አሚር አማን ኪያሮ ኅዳር 2014 ተይዞ፣ አዋጁ የካቲት ውስጥ ተነሥቶ፣ የወጣው መጋቢት ውስጥ በ60,000 ብር ዋስ ነው፤ አራት ወር ሙሉ ክስ አልተመሠረተበትም። አዋጁ በተነሣ በማግስቱ አካል ነፃ ማውጣቱን ይዛችሁ ቅረቡ።

ስንቅ፣ ልብስ፣ ጤና

ደሴ ይበርዳል፣ ኮምቦልቻ ይሞቃል። ጦሳ ሥር በሲሚንቶ ወለል ላይ ለሚተኛ ሰው ጋቢ፣ ወፍራም ካልሲና ሹራብ የመጀመሪያ ቀን ይግባለት፤ ኮምቦልቻ ከሆነ ቀለል ያለ ቅያሪ፣ ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮም ትኩሳት ከጀመረው የወባ ምርመራ መጠየቅ። ቀበቶ፣ የጫማ ክር፣ ገመድ ያለው ሱሪ፣ ጠርሙስና የብረት ማንኪያ ይመለሳል፤ ከመነሻው አትላኩ። በር ላይ ምግቡን ቅመሱ ትባላላችሁ፤ ጾመኛ የሆነች እናት የፍስክ ወጥ፣ ረመዳን የያዘች ደግሞ ማንኛውንም ምግብ ይዛ ከመጣች ችግር ነው። ተራውን ስታወጡ ይህን አስቡ።

ወሎ ነውና እስር ቤቱ ክፍልም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ላይ ነው። የሥጋ ወጥ ከተላከ ግማሹ ሰው አይነካውም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ በሶ፣ ቆሎ ከሆነ ሁሉም ይቋደሳል። የሚቋደስ ሰው ያለው እስረኛ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን አይሆንም። ለአዲስ ገቢ «የሻማ» እየተባለ በክፍሉ ካቦ (የእስረኞች አለቃ) የሚጠየቅ ገንዘብ አለ፤ ትንሽ ዝርዝር ብር በመጀመሪያው ቀን ቢደርሰው ከጠብ ያድነዋል።

መድኃኒት ከሐኪም ትእዛዝ ኮፒና ከነማሸጊያው ይሂድ፤ የተፈለፈለ ክኒን አይገባም። የተቀበለውን ሰው ስም ጻፉ። የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛ ከሆነ የሐኪም ወረቀቱ በዳኛው መዝገብ ውስጥ ይግባ። የሚታጠብ ልብስ ሲወጣላችሁ ደም ወይም ቅዳጅ ካለበት አትጠቡት፤ አድርቃችሁ በወረቀት ከረጢት አስቀምጡ፣ በፌስታል ከሆነ ይሻግታል። ቀኑን ከረጢቱ ላይ ጻፉ።

ማንን፣ መቼ ማሳወቅ

መታሰሩን ወዲያው አሳውቁ፤ የጉዳዩን ዝርዝር ግን ከጠበቃ ጋር ሳትመክሩ አትልቀቁ። ማስታወቂያው አጭር ይሁን፤ ጋዜጠኛ እከሌ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ከዚህ ቦታ፣ በእነዚህ ተያዘ፣ እስካሁን ፍርድ ቤት አልቀረበም። «ጀግናችን»፣ «ታጋያችን» የሚል ቃል አይግባ። ውጭ አገር ያለ ወዳጅ በፍቅር የጻፈው እንዲህ ያለ ቃል ዐቃቤ ሕግ ለክሱ የሚያያይዘው ሰነድ ሊሆን ይችላል። የልጆቹን ፎቶ አታውጡ። የድጋፍ ገንዘብ ከመጣ በታሳሪው ስም አይግባ፤ በሁለት ፊርማ በሚንቀሳቀስ የዘመድ ሒሳብ ይሁን፣ ከማን ለምን እንደመጣ ይመዝገብ።

የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማቆያ ቦታዎችን የመጎብኘት ሥልጣን አለው፤ ለአማራ ክልል ቅርቡ የባሕር ዳር ጽሕፈት ቤቱ ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) እና የኢትዮጵያ የሰብአዊ መብቶች ተሟጋቾች ማዕከልም አቤቱታ ይቀበላሉ። ከውጭ የጋዜጠኞች ደኅንነት ኮሚቴ (ሲፒጄ) እና ድንበር የለሽ ሪፖርተሮች አሉ። ጄኔቫ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የዘፈቀደ እስራት የሥራ ቡድን ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚቀር በር ነው፤ የአገር ውስጥ ይግባኝ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልገውም፣ ጠበቃም ግዴታ አይደለም፣ ቅጽ አለው። ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ በ2004 ተይዞ 18 ዓመት ከተፈረደበት በኋላ ቡድኑ በውሳኔ ቁጥር 62/2012 (ይህ ቁጥር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) እስሩ የዘፈቀደ ነው ብሏል። የወጣው ግን 2010 ላይ ነው። ስለዚህ በሩን ይከፍታል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ጥቅሙ ሌላ መንግሥትና ሌላ ተቋም በስሙ የሚጠይቅበት ሰነድ መሆኑ ነው። የት እንዳለ ጨርሶ ካልታወቀ አስገድዶ መሰወርን የሚመለከተው የሥራ ቡድን ከተሰወረ በሦስት ወር ውስጥ ለቀረበ ጉዳይ አስቸኳይ ሥርዓት አለው።

ወደ ውጭ በሚላክ ወረቀት ላይ በተደጋጋሚ የሚበላሸው ቀን ነው። «05/02/2017» የተባለ ጥቅምት 5 ፈረንጅ ዘንድ ከብዙ ዓመት በፊት የሆነ ጉዳይ ይመስላል፤ ጉዳዩ ሳይነበብ ወደ ጎን ይቀመጣል። በእኛም በእነሱም አቆጣጠር፣ ወሩን በፊደል ጻፉ። ሰዓቱንም እንዲሁ፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ማለት ለእነሱ ከንጋቱ 4 ሰዓት ነው።

ከተፈታ በኋላ

የዋስትናውን ግዴታ ወረቀት አንብቡ፤ ከከተማ አለመውጣት ወይም በየሳምንቱ መፈረም ካለበት አንዷን ቀን ማጉደል ገንዘቡን ያስወርሳል፣ ሰውየውንም ይመልሳል። በዚያው ሳምንት ሙሉ የሕክምና ምርመራ ያድርግ፣ ማስረጃው በጽሑፍ ይሁን። የተያዘው ስልክና ላፕቶፕ እንዲመለስ በዝርዝሩ መሠረት በጽሑፍ ጠይቁ። ሲመለስም የይለፍ ቃሎች በሌላ መሣሪያ ይቀየሩ፤ የተመለሰው ስልክ ምን እንደተጫነበት ስለማይታወቅ ለምንጭ ግንኙነት አይዋል። የችሎት ደብተሩና የሪኮማንዴ ደረሰኞቹ ከዚያው ከቤት ውጭ ካለው ፋይል ጋር ይቀመጡ፤ የተቋረጠ መዝገብ ከዓመት በኋላ ሊንቀሳቀስ ይችላል።